ቅር እያለኝ የማልተዋቸው የፍቅር ኮሜዲ ማንጋዎች

የኮዬዋ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:20)

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ እዚህ አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ ግን ሆዴን የበላኝ ነገር ስላለ ልጽፍ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ መገናኛ። ጠዋት ለመሄድ ሰልፍ፣ ማታ ለመመለስ ሰልፍ፣ በመሀል ደግሞ መንገዱ። ይሄን ሁሉ ሰዓት የማሳልፈው በስልኬ ማንጋ፣ ማለትም በስዕል የሚተረክ የጃፓን ታሪክ፣ እያነበብኩ ነው። ማንጋ ስላችሁ ሰይፍ መዘው የሚተራረዱበትን አይደለም። አንድ ልጅና አንዲት ልጅ "እወድሻለሁ"፣ "እወድሃለሁ" ለመባባል ሁለት መቶ ምዕራፍ ሙሉ የሚንደፋደፉበትን ነው። የፍቅር ኮሜዲ። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ አንድ እጄ ብረቱን ይዞ፣ በሌላው እጄ አውራ ጣት ገጽ እየገለጥኩ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ቤት እስክደርስ ድካሙ አይታወቀኝም።

ከሁሉም የምወደው የሂሮ ፉጂዋራን "ካይቾ ዋ ሜይድ ሳማ" ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2013 የወጣ፣ ባለ 18 ጥራዝ። ሚሳኪ የተማሪዎች ፕሬዚዳንት ናት። አባቷ ዕዳ ጥሎባቸው ጠፍቷል። ቤተሰቧን ለመደጎም ከትምህርት በኋላ፣ የቤት ሠራተኛ ልብስ እየተለበሰ የሚስተናገድበት ካፌ ውስጥ ትሠራለች። ትምህርት ቤት ውስጥ ወንዶቹ ሁሉ የሚፈሯት ልጅ፣ ሥራዋ እንዳይታወቅባት ስትሳቀቅ ታዩዋታላችሁ። እኔም ተማሪ እያለሁ ካፌ ውስጥ አስተናግድ ነበር። የክፍሌ ልጆች ሲገቡ ትሪውን አስቀምጬ ጓዳ የገባሁበት ቀን አለ። ስለዚህ ሚሳኪ ለእኔ ስዕል ብቻ አይደለችም።

ችግሩ ኡሱይ ነው። ምስጢሯን የሚያውቀው ልጅ። ቆንጆ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ችግር ላይ ስትወድቅ ከየት መጣ ሳይባል ይደርስላታል። ግን ደግሞ ይከታተላታል። ሳትፈቅድለት ይስማታል። እሷ ራሷ ፊት ለፊት ትሰድበዋለች፤ ታሪኩ ግን ስድቧን እንደ ፍቅር ነው የሚቆጥረው። ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ደጋግሜ አነበዋለሁ፣ ደጋግሜም እወደዋለሁ።

ለምን ዛሬ ጻፍኩ? ታናሽ እህቴ 14 ዓመቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን ተቀምጠን ስልኬን ወሰደችና ማንበብ ጀመረች። ያገኘችው ያወረድኩትን ሌላ ማንጋ ነው። መጀመሪያ ከግራ ነው የጀመረችው። መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ እየመጣ ግራ ሲያጋባት፣ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ አሳየኋት። ከዚያ ዝም አለች። ሻማው ግማሽ እስኪደርስ ዝም አለች። በኋላ ስልኩን ወደ እኔ አዙራ ገጹ ላይ ካሉት ስዕሎች አንዱን ሳጥን አሳየችኝ። ልጁ ልጅቷን ግድግዳ አስጠግቷት፣ መዳፉን ከጆሮዋ አጠገብ ግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ መውጫ አሳጥቷታል። "ውይ! እኔንም እንዲህ የሚያደርገኝ ይምጣ" አለችኝ።

ከዚያ ሁለት ቀን በፊት፣ ሐሙስ ማታ፣ ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰውዬ የእጄን አንጓ ያዘኝ። አልጎተተኝም፣ አልመታኝም። ይዞኝ ብቻ "ቆንጆ፣ ሰላምታ ክልክል ነው?" አለኝ። በሌላው እጄ ዳቦ የያዘ ፌስታል ነበር። እጄን ስመነጭቅ ፌስታሉ ተቀደደና ዳቦው ጭቃ ላይ ወደቀ። ሰልፉ ሳቀ። አንዲት እናት ብቻ "ተዋት እንጂ!" ብለው ጮኹበት። ቤት ስደርስ የሰዓቴ ማሰሪያ ቆዳዬ ላይ ታትሞ ነበር።

እህቴ ያንን ሳጥን ስታሳየኝ የእጄ አንጓ ነው ትዝ ያለኝ። እኔ ግን ያንኑ ሳጥን ከዚህ በፊት አይቼ ልቤ በደስታ መትቷል። ሁለቱም እውነት ነው። ማንጋውን ልጥለው አልፈልግም፤ ዝም ብዬ ልሰጣትም አልቻልኩም። እናንተ እንዴት ነው የምታነቡት?


ሰባ ሁለት (ማክሰኞ፣ ማታ 3:51)

አይዞሽ እህቴ። የሰውዬው እጅ ይሰበር። ግን ስዕሉን ከሰውዬው ጋር አታገናኚው። ያ ሰውዬ ማንጋ አንብቦ አያውቅም። እኔ ያደግኩት ሰሚት ሰባ ሁለት ነው፤ የሰፈራችን ጎረምሶች ሴት መልከፍ የጀመሩት ማንጋ የሚባል ነገር ስሙ ሳይሰማ በፊት ነው።

እኔ የማነበው ደክሞኝ ስገባ ለመሳቅ ነው። አሁን ኒሴኮይን እየደገምኩ ነው። ሁለት የወንበዴ ቤተሰብ ልጆች፣ በቤተሰቦቻቸው መካከል ጦርነት እንዳይነሳ ብለው ፍቅረኛ መስለው ይታያሉ። በልጅነት ቃል የተገባላት የትኛዋ ናት፣ የቃል ኪዳኑ ቁልፍስ የማን ነው እየተባለ 25 ጥራዝ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነት ሰው በዓለም ላይ የለም። ስለሌለ ነው ደስ የሚለኝ። ሁሉን ነገር እያበጠርን ምን ልናነብ ነው?


ናኒ ለገጣፎ (ማክሰኞ፣ ማታ 4:15)

የኮዬዋ፣ ዳቦው አንጀቴን በላው።

ሰባ ሁለት፣ ማንም ሰው ማንጋ አንብቦ ለካፊ ይሆናል አላለም። ነገሩ ሌላ ነው። ለካፊው የሚያስበውና ማንጋው የሚያስበው አንድ መሆኑ ነው። ሁለቱም "እምቢ ያለችው ወዳ ነው" ይላሉ። ሁለቱም "ብትቆጣም ውስጧ ደስ ብሏታል" ይላሉ። ይሄን እኔ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ መንገድ ላይ ስሰማው ነው ያደግኩት። ያኔ የእኛ ሰፈር መንገድ ገና ኮረኮንች ነበር። የሚለክፉን ልጆች የሚቀመጡበት አንድ ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ እሱን ላለማለፍ ብለን በሜዳው ዞረን፣ ጭቃ እየረገጥን ነበር ቤት የምንገባው። እናቴ ጫማዬን እያየች ትቆጣኝ ነበር። ምክንያቱን እስከ ዛሬ ነግሬያት አላውቅም።

ሃና ዮሪ ዳንጎን የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። ማንጋውን ዮኮ ካሚዮ የጀመረችው እ.ኤ.አ. 1992 ላይ ነው፤ እኛ ያወቅነው ግን እ.ኤ.አ. 2009 ላይ በተሠራው የኮሪያ ድራማ ነው። በፍላሽ ነበር የምንቀባበለው። ዶምዮጂ የሀብታም ልጅ ነው። እሱና ጓደኞቹ ቀይ ወረቀት የላኩለትን ተማሪ መላው ትምህርት ቤት ተነስቶ ያሳድደዋል። ለድሃዋ ለጹኩሺም ወረቀቱ ደረሳት። የሚያሰቃያት እሱ ነው፣ በኋላ የሚወዳትም እሱ ነው። እኔና ጓደኞቼ ያለቀስነው ለማን መሰላችሁ? ለእሱ! "ምስኪን፣ ፍቅር ስላላየ እኮ ነው" እያልን። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ያኔ ድንጋዩ ላይ ከሚቀመጡት ልጆች ለአንዱም እንዲሁ እያሰብኩለት ነበር። ምናልባት ይወደኝ ይሆናል እያልኩ።

እኔ ትቼዋለሁ። ስልኬ ላይ አንድም የለም። እናንተ ላይ አልፈርድም፤ እኔ ግን አልቻልኩም።


ብሌን (ማክሰኞ፣ ማታ 4:22)

ያ ግድግዳ የመምታት ነገር ስም አለው፣ ካቤዶን ይባላል። "ካቤ" ግድግዳ ነው፣ "ዶን" ድምፁ ነው። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. 2014 ላይ የዓመቱ አነጋጋሪ ቃላት ከተባሉት አሥሩ አንዱ ነበር። የሚገርመው ቃሉ ሌላም ትርጉም አለው፤ የጎረቤት ጫጫታ ሲበዛ በመሀል ያለውን ግድግዳ መደብደብ ማለት ነው። ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች ይሄኛው ይቀርበናል።


አባ ጥራዝ (ማክሰኞ፣ ማታ 5:05)

ይሄ ነገር ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። እኔን ምክንያቱን ማወቄ ረድቶኛል።

የፍቅር ኮሜዲን ዛሬ በምናውቀው መልኩ ካስያዙት ሰዎች ዋናዋ ሩሚኮ ታካሃሺ ናት። ሴት መሆኗን ልብ በሉልኝ። እ.ኤ.አ. 1978 ላይ ሾነን ሰንደይ በተባለው ሳምንታዊ የወንድ ልጆች መጽሔት ኡሩሴይ ያጹራን ጀመረች። ከሌላ ዓለም የመጡ ወራሪዎች አንድ ውድድር ያቀርባሉ። አታሩ የተባለ የምድር ልጅ፣ የወራሪዎቹን ልጅ ራሙን በአሥር ቀን ውስጥ አባሮሽ ተጫውቶ ቀንዷን መያዝ አለበት። እሷ ትበራለች፣ እሱ በእግሩ ነው። በምን አሸነፈ? የጡት መያዣዋን ነጥቆ። ልብሷን ለማስመለስ ስትጠጋ ቀንዷን ያዘው። ምድር ዳነች፣ አንባቢ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አታሩ ሌላ ሴት ባየ ቁጥር ራሙ በኤሌክትሪክ ታነደዋለች። ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ሁሉ እዚህች መጀመሪያ ውስጥ አለ።

ለምን ይደጋገማል? መጽሔቶቹ በየሳምንቱ ይወጣሉ። አንድ ምዕራፍ ወደ 20 ገጽ ይጠጋል። ደራሲው በየሰባት ቀኑ አንድ የሚያስቅ ነገር ማምጣት አለበት። እንደ ሾነን ጃምፕ ያሉት ጋ ደግሞ አንባቢ የወደደውን መርጦ በፖስታ ካርድ ይልካል፤ ደጋግሞ ዝቅ ያለ ታሪክ ይቋረጣል። ሁለቱ ከተፋቀሩ ታሪኩ አለቀ፣ እንጀራውም አለቀ። ስለዚህ እንዳይፋቀሩ የሚያደርግ ነገር በየሳምንቱ ያስፈልጋል። ተደናቅፎ እላይዋ ላይ መውደቅ። ሳያንኳኩ የመታጠቢያ ቤት በር መክፈት። ጥፊ። ሌላ ሴት በተሳሳተ ሰዓት ብቅ ማለት። እነዚህ ነገሮች ስንፍና ብቻ አይደሉም፣ ታሪኩ እንዳያልቅ የሚቀጠሉ ድልድዮች ናቸው። ይሄ ጥፋቱን አያነሳውም፤ ግን ገና ገጹን ስገልጥ "ይኸው ድልድዩ መጣ" ማለት ከቻልኩ በኋላ እንደ ፍቅር ምክር አላነበውም።

አንድ የግሌን ልጨምር። 12ኛ ክፍል የማለፊያ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ አንድ ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። ቃሊቲ፣ እናቴ ቤት። በር ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ "ዘንድሮስ እንዴት ነው?" ይለኛል። ያን ዓመት ያነበብኩት የኬን አካማጹን ላቭ ሂናን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 የወጣ፣ 14 ጥራዝ። ኬታሮ ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እየተፈተነ እየወደቀ እንደገና የሚፈተን ልጅ ነው። ስሙን ከተለጠፈው ዝርዝር ሲያጣው ያለውን ፊት አልረሳውም። እንደ እኔ የወደቀ ሰው በመጽሐፍ ውስጥ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር። እንደገና ለፈተና የተቀመጥኩት ባብዛኛው በእሱ ነው።

እዚያው ማንጋ ውስጥ ግን ሺኖቡ አለች። መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የምትማር ሕጻን ልጅ። ኬታሮ ከሚያስተዳድረው የሴቶች ማደሪያ ትኖራለች፣ ከእሱ ፍቅር ይይዛታል፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥም ተስላለች። ያንን በምንም ምክንያት አልከላከልለትም። በ19 ዓመቴ ሳላስተውለው አልፌዋለሁ። ዛሬ ልጅ አለኝ። እነዚያን ገጾች አይቼ መሳቅ አልችልም፣ ለሌላ ሰውም "አንብብ" ብዬ ስሰጥ አስቀድሜ እናገራለሁ።


ጀሞ ሁለት (ረቡዕ፣ ጠዋት 1:40)

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ሴቷ ወንዱን ስትመታውስ? ላቭ ሂና ላይ ኬታሮ የሚወዳት ልጅ፣ ናሩ፣ በቡጢ ሰማይ ታደርሰዋለች። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ምንም አላደረገም፣ ተደናቅፎ ነው የወደቀው። እኛ እንስቃለን።

የድሮ ፍቅረኛዬ ጀሞ አንድ ጭማቂ ቤት ውስጥ በጓደኞቼ ፊት በጥፊ መታችኝ። ስልኬ ላይ ያየችው የእህቴን ልጅ መልእክት ነበር። ጉንጬ ሳይሆን ጆሮዬ ነው የጮኸው። ጓደኞቼ "ተወደድክ ማለት ነው!" ብለው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ወንድ ልጅ ተመታሁ ብሎ አይናገርም። ይኸው ዛሬ ተናገርኩ።

ግን ራንማን አትንኩብኝ። እሱም የታካሃሺ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1996፣ 38 ጥራዝ። ራንማ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሴት ይሆናል፣ ሙቅ ውሃ ሲነካው ወንድ። ሴት በሆነበት ሰዓት ኩኖ የሚባል ልጅ ይከተለዋል፤ "አልፈልግህም" ቢለው አይሰማ፣ ቢደበድበው ይብስበታል። ወንድ ልጅ ሆኜ ሳነበው፣ የሚለከፍ ሰው ምን ያህል እንደሚሰለቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ በዚያ ነው። ብልግናም ሞልቶበታል፤ የውስጥ ሱሪ የሚሰርቅ ሽማግሌ አለ። ሁለቱ ነገር አንድ ጥራዝ ውስጥ ተቀምጧል።


የሰበታው (ረቡዕ፣ ቀን 7:30)

ልጆች፣ እኔ 51 ዓመቴ ነው። እዚህ የመጣሁት የልጄን ማንጋ እያየሁ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዬ ነበር። አሁን ራሴም አነባለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ተጠልፋ ነው አባቴን ያገባችው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ "እስቲ የጠለፋሽን ነገር ንገሪን" ይሏታል። ትነግራቸዋለች። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ አራት ሆነው መጥተው፣ በፈረስ ጭነዋት። እየሳቀች ነው የምትናገረው፤ ሁሉም ይስቃል። እኔም ልጅ ሆኜ እስቅ ነበር። አባቴ ደግ ሰው ነበር፣ ሰባት ወልደው አብረው አርጅተዋል። ታሪኩ መጨረሻው ያማረ ነው ይባል ነበር።

ሊመሽባት ሲል፣ አልጋ ላይ ሆና፣ ብቻችንን ሳለን አንድ ቀን "እንስራው ሲሰበር እስከ ዛሬ ይሰማኛል" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም ምንም አልጠየቅኳት።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። መጨረሻው ሠርግ ከሆነ መጀመሪያው ይቅር ይባላል ማለት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው ይሄ የተቀየረው። አንቀጽ 587 ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በኋላ ቢጋቡም ከተጠያቂነት እንደማያድን በግልጽ ተጽፏል። እናቴ ይሄን አልደረሰችበትም።

እነዚህ ማንጋዎች ላይ ያየሁትም ያው የድሮው ሕግ ነው። በመጨረሻ ከተዋደዱ በመጀመሪያ ያደረገው ሁሉ ይረሳለታል። ቢሆንም ልጄን አልከለክላትም። ብከለክላት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ታነበዋለች፤ እኔም የምጠይቃት ነገር አጣለሁ።


ናኒ ለገጣፎ (ረቡዕ፣ ቀን 8:02)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራ ቦታ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ ወጥቼ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ጀሞ ሁለት፣ እንኳን ተናገርክ። ያ ፍቅር አይደለም።


ሰባ ሁለት (ረቡዕ፣ ማታ 2:10)

ትናንት ቸኩዬ ነው የጻፍኩት፤ የጋሼን ካነበብኩ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ከልቤ ነው። እኛ እኮ የመግደርደር ሕዝብ ነን። እንግዳ "ብላ" ሲባል መጀመሪያ "ጠግቤያለሁ" ይላል። "በሞቴ" ይባላል፣ እንደገና እምቢ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ ይጎርሳል። ሳይለመን የበላ "ሆዳም" ነው የሚባለው። ጃፓኖቹ ጹንደሬ የሚሏት፣ አፏ እየተቆጣ ልቧ የሚወድ ልጅ፣ ለእኔ የማውቃት ሰው የምትመስለኝ ለዚህ ነው። መግደርደርን ከእውነተኛ እምቢታ በምን እንለየው?


የኮዬዋ (ረቡዕ፣ ማታ 3:35)

ጋሼ፣ መልስዎን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷም ዝም አለች። ጓዳ ገብታ ቆይታ ነው የወጣችው። አመሰግንዎታለሁ።

ሰባ ሁለት፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። አውቶቡስ ላይ ሳስበው ነበር የመጣሁት። ማዕድ ላይ አክስቴን አስታወስኳት። የአክስቴን ጉርሻ ማንም አያመልጥም። ግን እንግዳው የምሩን ሲጠግብ ሳህኑን በመዳፉ ይከድናል። ያኔ አክስቴም እጇን ትመልሳለች። ከዚያ በኋላ "በሞቴ" ካለች ሰው ሁሉ "ኧረ ተይው፣ ልታፈነጂው ነው?" ይላታል። ማዕዱ ላይ ያሉት ሁሉ ምልክቱን ያውቁታል፣ ሁሉም ያስከብሩታል። ደግሞም አክስቴ እንግዳውን አታስፈራውም፤ ተነስቶ መሄድ ይችላል።

ሰልፉ ላይ እኔ እጄን መንጭቄያለሁ። ሳህኑን ከድኛለሁ። ሰዉ ግን ሳቀ። ማንጋውም ላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ልጅቷ ሳህኑን ስትከድን ደራሲው ለእኛ የሚያሳየን የቀላ ጉንጯን ነው። "እየውላችሁ፣ ትፈልጋለች" ይለናል። የእውነተኛ ሰው ልብ ግን ጉንጩ ላይ ተጽፎ አይወጣም። ኡሱይ የሚሳካለት ደራሲዋ የሚሳኪን ልብ ስለምታውቅለት ነው። ያ ሰውዬ የእኔን ልብ አያውቅም።

ደግሞም የምወደውን ነገር ስፈልግ አገኘሁት። እኔ ኡሱይን የምወደው ግድግዳው ጋ አይደለም። ሚሳኪ ደክማ ስትወድቅ የሚያያት እሱ ስለሆነ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው "አንቺ ጠንካራ ነሽ" እያለ የሚደገፍባት ልጅ፣ አንድ ሰው "ደክሞሻል" ሲላት። ይሄ ነው እኔን አውቶቡስ ውስጥ ዓይኔን እንባ የሚሞላው። ግድግዳው ቢነሳም ይሄ ይቀራል።


አባ ጥራዝ (ረቡዕ፣ ማታ 4:20)

የኮዬዋ፣ ያንን ከፈለግሽ ሜዞን ኢኮኩን አንብቢ። ታካሃሺ ኡሩሴይ ያጹራን እየጻፈች፣ ጎን ለጎን እ.ኤ.አ. 1980 ላይ የጀመረችው ነው፤ 1987 ላይ ነው ያለቀው፣ 15 ጥራዝ። ጎዳይ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ ገንዘብ የሌለው ልጅ ነው፤ አሮጌ የኪራይ ቤት ውስጥ ይኖራል። አዲሷ የቤቱ አስተዳዳሪ ክዮኮ በወጣትነቷ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ለውሻዋ የሟቹን ባሏን ስም ነው ያወጣችለት። ጎረቤት ግድግዳ ቀዶ ይገባል፣ ጎዳይ ሰክሮ ሰፈሩ እስኪሰማ ስሟን እየጠራ ይጮሃል፤ እሱም ጥፋት የለበትም አልልም። ግን ዓመታት ያልፋሉ። ልጁ ያድጋል፣ ሥራ ፍለጋ ይንከራተታል፣ ሕጻናት ጋ ይሠራል።

መጨረሻውን ማወቅ የማትፈልጉ ይሄን አንቀጽ እለፉት። ጎዳይ ብቻውን የሟቹ መቃብር ላይ ይሄዳል። ክዮኮ ልብ ውስጥ አንተም አለህ፣ እሷን ስወስድ አንተንም ጭምር ነው ይለዋል። እሷ እንደምትሰማው አያውቅም። እኔ ይሄን ያነበብኩት አባቴ በሞተ ዓመት ነው፤ እናቴ የአባቴን ጋቢ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በዚህ ማንጋ ነው። የጡት መያዣ ቀልድ የጻፈችው ያችው እጅ ናት ይሄንንም የጻፈችው።

ለእህትሽ ደግሞ ካጉያ ሳማን ስጪያት፣ ትንሽ ከፍ ስትል። የአካ አካሳካ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2022፣ 28 ጥራዝ። ሁለት ጎበዝ ተማሪዎች ይዋደዳሉ፣ ግን ቀድሞ የተናገረ ተሸነፈ ማለት ነው ብለው ማን ይናገር እያሉ በአእምሮ ይፋለማሉ። ልብ በይ፣ ሁለቱም እኩል ፈሪ፣ እኩል ብልጥ ናቸው።


ሰላም ከቡራዩ (ረቡዕ፣ ማታ 4:41)

ሜዞን ኢኮኩን ዛሬ ማታ ልጀምር ነው። ማስጠንቀቂያውን ሳላይ አንቀጹን አንብቤዋለሁ፣ ግን አልከፋኝም።


ናኒ ለገጣፎ (ረቡዕ፣ ማታ 4:58)

እኔ አሁንም አልመለስም። አባ ጥራዝ በሚያምር ቋንቋ ጻፈው፣ ደስ ብሎኝ አነበብኩት፣ ግን "ጥሩውን ለማግኘት መጥፎውን እለፊው" የሚባለው ነገር አድክሞኛል። ለማለፍ የምንገደደው ሁሌ እኛ ነን። ጭቃውን የምረግጠው እኔ፣ ድንጋዩ ላይ የሚቀመጡት እነሱ። የኮዬዋ ግን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ለእህትሽ የእጅሽን ነገር ንገሪያት። እኔን የነገረኝ ስላልነበረ ነው።


የኮዬዋ (ሰኞ፣ ማታ 3:10)

ቆየሁባችሁ። ናኒ፣ ነገርኳት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠን ሽንኩርት እየከተፍን ነበር። እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅኩ ቢላዋዬን አስቀመጥኩና "እጅሽን ስጪኝ" አልኳት። አንጓዋን ያዝኩት፣ ሰውዬው እንደያዘኝ አድርጌ፣ ሳላጠብቅ። "አሁን አስለቅቂ" አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ጎተተች። አልለቀቅኳትም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁና ወዲያው ለቀቅኳት። ከዚያ ስለ ሐሙሱ ነገርኳት፣ ስለ ዳቦውም። "አመመሽ?" አለችኝ። "አላመመኝም፣ ግን ሰዉ ሳቀ" አልኳት። ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች። ሁለታችንም ዓይናችን እያነባ ነበር፤ እሷ በሽንኩርቱ ይሁን በምን አላወቅኩም።

ማታ ራሷ መጥታ ስልኬን ጠየቀችኝ። ሜይድ ሳማን ከጥራዝ አንድ ጀምረን አብረን ማንበብ ያዝን። በጣም የወደደችው ማንን መሰላችሁ? ሱዙናን፣ የሚሳኪን ታናሽ እህት። ቤታቸው ሲቸግረው የሽልማት ዕጣ እየሞላች ምግብ የምታሸንፈዋን። "እኔም ሎተሪ ልሙላልሽ" አለችኝ። እኔ ይሄን ማንጋ ስንት ጊዜ አንብቤ ለታናሽ እህቷ ቦታ ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

ኡሱይ የሚያበሳጭ ነገር ሲያደርግ ታቆማለች። "ለምን አይጠይቃትም?" ትላለች። እኔም "እኔንም ገርሞኛል" እላታለሁ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ "እሺ፣ ቀጥዪ" ትላለች። አንዷን ገጽ ደግሞ "ይቺን አልወደድኳትም፣ ግን ስዕሏ ያምራል" አለችኝ። ብዙ ጊዜ ልትናገረው ፈልጋ አፏ ላይ የቀረባትን ነገር የተናገረች ትመስል ነበር።

ጥራዝ ሁለት ላይ ነን። እኔን ሳትጠብቅ እንዳታልፍ ተስማምተን ነበር። ዛሬ ከሥራ ስገባ ሦስት ምዕራፍ ቀድማኝ አገኘኋት፤ ምን እንደሆነ ልትነግረኝ እየተቁነጠነጠች ነው፣ እኔ ደግሞ የማውቀውን እንዳላወቅኩ ሆኜ ልሰማት ነው። ልሂድ፣ እየጠራችኝ ነው።